ዐዲስ ዲስክ የገባለት ኮምፒዩተር «ሪሴት» አልሆንም ሲል
የነጋዴው መዝገብ ሳይጠፋ ማሽኑን ስለ ማደስ

በመርካቶ በየተራው ከሚሠሩት ነጋዴዎች ብዙዎቹ የገቢና የወጪ ሒሳባቸውን፤ የዕቃ ቈጠራቸውን፤ የባለዕዳና የአበዳሪ ዝርዝራቸውንም ዛሬ የሚይዙት በኮምፒዩተር ነው። ቀድሞ በባሕረ መዝገብ ላይ በብዕር ይጻፍ የነበረው ሁሉ አሁን የሚገኘው ከመዳፍ በማይበልጥ አንድ ዲስክ ላይ ነው። መዝገቡ በእንዲህ ያለ ጠባብ ስፍራ የተከማቸ ስለ ሆነ፤ ማሽኑ በታመመ ጊዜ የሚሰጠው መድኀኒት ራሱ መዝገቡን እንዳያጠፋው ነጋዴው ዐውቆ ሊጠነቀቅ ይገባዋል።

ከሚያጋጥሙት ችግሮች አንዱ እንደሚከተለው ነው። ማሽኑ እየዘገየ ሲያስቸግር ባለቤቱ ዐዲስ ዲስክ ያስገባበታል። ቀጥሎም ዊንዶውስ የተባለው መሪ ፕሮግራም እንደ ዐዲስ እንዲሆን «ሪሴት» የሚለውን ትእዛዝ ይሰጣል። ማሽኑ ተዘግቶ ይከፈታል፤ ጥቂትም ይሠራል፤ ከዚያ በኋላ ግን «ኮምፒዩተሩን ለመመለስ ችግር አጋጥሟል፤ ምንም ለውጥ አልተደረገም» የሚል ቃል በእንግሊዝኛ ጽፎ ወደ ነበረበት ይመለሳል። አንዳንድ ጊዜም «የጥገናው ፕሮግራም ሊገኝ አልቻለም»፤ ወይም «ዊንዶውስ ያለበት ዲስክ ተቈልፏል» ይላል።

ይህ ጽሑፍ ሊያስረዳ የፈለገው ነገር በአጭሩ ይህ ነው። ዐዲስ ዲስክ ከገባ በኋላ ሪሴት ሲከሽፍ ብዙውን ጊዜ ማሽኑ ሞቷል ማለት አይደለም፤ ለጥገና የሚያስፈልገው ነገር የተቀመጠበት ስፍራ ጠፍቶበታል ማለት ነው። «ምንም ለውጥ አልተደረገም» የሚለውም ቃል ክፉ ወሬ ሳይሆን መልካም ወሬ ነው፤ መዝገቡ እስከዚያች ሰዓት ድረስ በስፍራው አለ ማለት ነውና። ጥፋት የሚመጣው ከመጀመሪያው ክሽፈት ሳይሆን፤ ባለቤቱ ተናዶ ከሚያደርገው ከሁለተኛውና ከሦስተኛው ሙከራ ነው።

ጕዳዩ ዛሬ ለምን ያሳስባል

ማይክሮሶፍት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ዊንዶውስ 10 ለተባለው ፕሮግራሙ ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም.፤ ማለት እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ኦክቶበር 14 ቀን 2025፤ አብቅቷል። ይህም ቀን የዋለው ብዙ ነጋዴዎች ሰኔ 30 የተዘጋውን ዓመታዊ ሒሳባቸውን ለግብር መሥሪያ ቤት በሚያዘጋጁበት ወራት ነበር። ተከታዩ ዊንዶውስ 11 ቢያንስ 4 ጊጋ ባይት ራምና 64 ጊጋ ባይት ማከማቻ፤ ከዚህም ጋር ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የምስጢር መጠበቂያ ክፍል ይፈልጋል። ስለዚህ ነጋዴው ዐዲስ ማሽን ከመግዛትና ያለውን ከማደስ አንዱን ለመምረጥ ይገደዳል።

ለማደስ የመረጠ ሰው አስቀድሞ የሚያስበው ዲስክ መለወጥን ነው። አሳቡም መልካም ነው፤ የቀድሞው ሃርድ ዲስክ በሚሽከረከር ሳሕን ላይ ሲጽፍ፤ ኤስ ኤስ ዲ የሚባለው ዐዲሱ ዐይነት ግን የሚንቀሳቀስ አካል ስለሌለው እጅግ ይፈጥናል። ነገር ግን አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ዐዲስ ዲስክ ማሽኑን ያፈጥነዋል እንጂ የጐደለውን ቲፒኤም አይሰጠውም። ዲስክ የሚገዛው ለዊንዶውስ 11 ብቁ ለመሆን ብቻ ከሆነ፤ ገንዘቡን ከማውጣት በፊት ማሽኑ የተባለውን ክፍል የያዘ መሆኑን ማስመርመር ይገባል።

ከሁሉ አስቀድሞ መዝገቡን ማዳን

ዕቃ ሳይወጣ ቤት አይፈርስም። እንደዚሁም ግልባጭ ሳይያዝ ሪሴት ሊሞከር አይገባም። የከሸፈውን ሪሴት ደግሞ ከመሞከር በፊትም ይህን መፈጸም ያስፈልጋል።

ሒሳቡን በፒችትሪ፤ ወይም በኋላ ሴጅ 50 በተባለው ስሙ፤ የሚይዝ ነጋዴ ከፕሮግራሙ የ«ፋይል» ዝርዝር ውስጥ «ባክ አፕ» የሚለውን መርጦ ግልባጩን በውጭ ዲስክ ወይም በፍላሽ ላይ ያስቀምጥ። ግልባጭ ተያዘ ማለት የሚቻለው ግን በሌላ ማሽን ላይ ተከፍቶ የመጨረሻው ቀን ሽያጭ በውስጡ መኖሩ በዐይን ከታየ በኋላ ነው። ያልተሞከረ ግልባጭ ተስፋ እንጂ ዋስትና አይደለም።

ግልባጩ የሚቀመጥበትም ስፍራ ሊታሰብበት ይገባል። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. በመርካቶ በሸማ ተራ አካባቢ የተነሣው ከባድ ቃጠሎ የብዙ ነጋዴዎችን ንብረት ያወደመ መሆኑ ይታወሳል። ማሽኑና ግልባጩ በአንድ ሱቅ ውስጥ ከኖሩ በእንዲህ ያለ ቀን ሁለቱም በአንድነት ይጠፋሉ። ስለዚህ አንዱ ግልባጭ ከሱቁ ውጭ፤ በመኖሪያ ቤት ወይም በሌላ አስተማማኝ ስፍራ ይቀመጥ። በግብር አስተዳደር ዐዋጅ ቍጥር 983/2008 መሠረት ግብር ከፋይ ሰነዶቹን ጠብቆ የማቈየት ግዴታ ያለበት ስለ ሆነ፤ የመዝገብ መጥፋት የነጋዴው የግል ጕዳት ብቻ ሆኖ አይቀርም።

በሪሴት ጊዜ ማሽኑ ሁለት አሳብ ያቀርባል። አንደኛው «ኪፕ ማይ ፋይልስ» ሲሆን ፋይሎቼን አስቀርልኝ ማለት ነው። ሁለተኛው «ሪሙቭ ኤቭሪቲንግ» ሲሆን ሁሉን አጥፋ ማለት ነው። ብዙ ሰው በስሙ ተማምኖ የመጀመሪያውን ሲመርጥ ሒሳቡም አብሮ የሚቀር ይመስለዋል። ነገር ግን በዚህኛውም አሳብ ቢሆን ባለቤቱ የጫናቸው ፕሮግራሞች ሁሉ ይነሣሉ፤ በፕሮግራሞቹ አቃፊዎች ውስጥ የተቀመጠ መረጃም አብሮ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ የፕሮግራሙ መጫኛና የፈቃድ ቍጥሩ በእጅ መኖራቸውን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

የዐማርኛ ጽሑፍም የራሱ ጕዳይ አለው። ቀድሞ በፓወር ግዕዝ ፊደላት የተጻፉ አንዳንድ ደብዳቤዎችና የዋጋ ዝርዝሮች፤ ያ የፊደል ዐይነት ከማሽኑ ላይ ከተነሣ በኋላ ሲከፈቱ ትርጕም የሌላቸው የላቲን ምልክቶች ሆነው ይታያሉ። ይህን ያየ ሰው ጽሑፉ ተበላሸ ብሎ ሊደነግጥ ይችላል። ጽሑፉ ግን አልተበላሸም፤ ፊደሉ እንደገና ሲጫን እንደ ቀድሞው ይነበባል።

ኮምፒዩተሩ ደረሰኝ ከሚቈርጥ የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ ጋር የተገናኘ እንደ ሆነ ደግሞ፤ መሣሪያውን ያቀረበውንና የሚጠግነውን ድርጅት አስቀድሞ ሳያማክሩ ሪሴት ማድረግ አይገባም። ሁለቱን የሚያገናኘው ፕሮግራም ከሌሎቹ ጋር ስለሚነሣ፤ በማግሥቱ ዕቃ ሸጦ ደረሰኝ ለመቍረጥ አለመቻል ይመጣል።

ሪሴት በውስጡ ምን ያደርጋል

ዊንዶውስ ራሱን በራሱ ላይ ቁሞ ሊያድስ አይችልም። ሰው የተቀመጠበትን ወንበር ራሱ ሊጠግን እንደማይችል ያለ ነው። ስለዚህ በዲስኩ ላይ ከዋናው ክፍል ተለይቶ በተከለለ አነስተኛ ክፍል ውስጥ የጥገና ፕሮግራም ተቀምጧል፤ ባለሙያዎች «ሪከቨሪ» የሚሉት ነው። ሪሴት በታዘዘ ጊዜ ማሽኑ ተዘግቶ ሲከፈት የሚነሣው ይህ አነስተኛ ፕሮግራም ነው። እርሱም ዋናውን ክፍል ፈልጎ ያገኛል፤ በውስጡ ካሉት የዊንዶውስ ፋይሎች ዐዲስ ዊንዶውስ ይሠራል፤ አሮጌውንም ወደ ጐን አድርጎ ዐዲሱን በቦታው ይተካል።

ለዚህ ሥራ አምስት ነገሮች ያስፈልጋሉ። የጥገናው ፕሮግራም መገኘት አለበት፤ ማሽኑ በየትኛው ዲስክ እንደሚነሣ በትክክል ማወቅ አለበት፤ የዊንዶውስ ፋይሎች ጤነኞች መሆን አለባቸው፤ በዲስኩ ላይ በቂ ባዶ ስፍራ መኖር አለበት፤ ኤሌክትሪክም ሥራው እስኪያልቅ መቋረጥ የለበትም። ከነዚህ አንዱ ሲጐድል ሪሴቱ ይከሽፋል። ዐዲስ ዲስክ መግባቱ በተለይ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ያናጋል።

ዐዲስ ዲስክ ሲገባ የሚደርሱት አራት ነገሮች

አንደኛ፤ የመነሻው ተራ ይለወጣል። ማሽን ሲከፈት ከየትኛው ዲስክ እንደሚነሣ የሚወስነው ባዮስ የሚባለው ሥርዐት ነው። ሌላ ዲስክ ሲጨመር ተራው ሊዛባ ይችላል። በተለይም የተጨመረው ዲስክ ከሌላ ማሽን የወጣና በውስጡ የቀድሞ ዊንዶውስ ያለበት እንደ ሆነ፤ ማሽኑ ለጥገና ሲነሣ ወደ ባዕዱ ዲስክ ሊሄድ ይችላል።

ሁለተኛ፤ ግልባጩ ሳይሟላ ይቀራል። ብዙ ጊዜ የአሮጌው ዲስክ ይዘት በሞላ ወደ ዐዲሱ ይገለበጣል፤ ይህንም «ክሎን» ይሉታል። ገልባጩ ሰው ዋናውን «ሲ» የተባለውን ክፍል ብቻ ገልብጦ የጥገናውን ክፍል ከተወው፤ ማሽኑ በየቀኑ ሥራውን በደኅና ይሠራል፤ ጕድለቱ የሚታወቀው ሪሴት የተጠየቀ ዕለት ነው። ዕቃው ሁሉ ወደ ዐዲሱ መጋዘን ተዛውሮ ቍልፉ በአሮጌው መጋዘን እንደ ቀረ ያለ ነው። የጥገናው ክፍል ተገልብጦም ቢሆን፤ በዊንዶውስ ውስጥ የተመዘገበው አድራሻ የአሮጌውን ዲስክ የሚያመለክት ከሆነ ውጤቱ ያው ነው።

ሦስተኛ፤ መነሻው በአሮጌው ዲስክ ላይ ይቀራል። ሁለቱ ዲስኮች በአንድነት ተሰክተው ሳሉ ዊንዶውስ በዐዲሱ ላይ ሲጫን፤ ጫኙ ፕሮግራም በአሮጌው ላይ የቀድሞውን መነሻ ክፍል ካገኘ የዐዲሱንም መነሻ በዚያው ሊያስቀምጠው ይችላል። ምልክቱ አሮጌው ዲስክ ሲነቀል ማሽኑ ከነጭራሹ አለመነሣቱ ነው። ነጋዴው በዚህ ጊዜ ዐዲሱ ዲስክ ተበላሸ ብሎ ወደ ሻጩ ይመልሰዋል፤ ዲስኩ ግን ምንም የለበትም።

አራተኛ፤ ሁለቱ ዲስኮች አንድ መታወቂያ ይይዛሉ። እያንዳንዱ ዲስክ የራሱ መለያ ቍጥር አለው፤ ክሎን ሲደረግ ግን መለያውም አብሮ ሊገለበጥ ይችላል። ሁለቱ በአንድነት ሲሰኩ ዊንዶውስ መንትዮቹን መለየት ስለሚያቅተው አንደኛውን ከሥራ ውጭ ያደርገዋል። ስለዚህ ክሎን ከተፈጸመ በኋላ ማሽኑ መጀመሪያ ሲከፈት አሮጌው ዲስክ ተነቅሎ መሆን ይገባዋል።

ዲስኩ ያልበደለበት ጊዜ

ችግሩ ዲስክ ከገባ በኋላ ስለ ታየ ብቻ ምክንያቱ የግድ ዲስኩ ነው ማለት አይቻልም። ነሐሴ 6 ቀን 2017 ዓ.ም. (ኦገስት 12 ቀን 2025) ማይክሮሶፍት ያወጣው የጥበቃ ማሻሻያ በዊንዶውስ 10ና በዊንዶውስ 11 የቀደሙ እትሞች ላይ ሪሴትን ራሱን አበላሽቶት ነበር። ኩባንያው ስሕተቱን አምኖ በሳምንቱ፤ ነሐሴ 13 ቀን፤ የማረሚያ ማሻሻያ አውጥቷል። በዚያ ሳምንት ዐዲስ ዲስክ ያስገባ ሰው ሪሴት ሲከሽፍበት ዲስኩን ቢወቅስ አይፈረድበትም፤ ጥፋቱ ግን የዲስኩ አልነበረም። እስከ ዛሬም ከበይነ መረብ ሳይገናኝ የቈየ ማሽን ማረሚያው ያልደረሰው ሊሆን ስለሚችል፤ ከሌላው ሙከራ አስቀድሞ ማሻሻያዎቹን ማስገባት ብልኅነት ነው።

ከዚያም በፊት ታኅሣሥ 30 ቀን 2016 ዓ.ም. የወጣ ሌላ ማሻሻያ የጥገናው ክፍል 250 ሜጋ ባይት ባዶ ስፍራ እንዲኖረው የሚጠይቅ ስለ ነበረ፤ ክፍሉ ጠባብ በሆነባቸው ብዙ ማሽኖች ላይ አልገባ ብሎ አስቸግሯል። ከዚህ የምንረዳው የጥገናው ክፍል መኖሩ ብቻ ሳይሆን ስፋቱም የሚያሳስብ መሆኑን ነው።

የሥራው ቅደም ተከተል

ከዚህ በታች ያለው ተራ ከቀላሉ ወደ ከባዱ፤ ጕዳት ከማያስከትለው ወደሚያስከትለው የሚሄድ ነው። አንዱ ሳይሞከር ወደሚቀጥለው መዝለል አይገባም።

1ኛ፤ መዝገቡ ከላይ እንደ ተባለው ይገልበጥ። ማሽኑ ጨርሶ የማይነሣ ከሆነ ዲስኩ ተነቅሎ በዩኤስቢ ማገናኛ ወደ ሌላ ማሽን ይሰካና ፋይሎቹ ይውጡ።

2ኛ፤ ማሽኑ ይዘጋ፤ ከኤሌክትሪክም ይለይ። ዊንዶውስ ካለበት ዲስክ በቀር ሌላው ሁሉ፤ ዐዲሱ ተጨማሪ ዲስክም፤ የውጭ ዲስኩም፤ ፍላሹም፤ ይነቀል። ከዚያ በኋላ ሪሴቱ እንደገና ይሞከር። ችግሩ የመነሻ ተራ መዛባት ብቻ እንደ ነበረ በዚህ ይፈታል፤ ዲስኩም ኋላ ተመልሶ ይሰካል። ተንቀሳቃሽ ኮምፒዩተር ከቻርጀሩ ጋር ይያያዝ፤ የጠረጴዛው ዐይነት በዩፒኤስ ላይ ይሁን፤ መብራት በመካከል ቢጠፋ ሥራው በግማሽ ይቀራልና።

3ኛ፤ በባዮስ ውስጥ የመነሻው ተራ ይታይ። ዊንዶውስ ያለበት ዲስክ የመጀመሪያው መሆን አለበት።

4ኛ፤ በሲ ክፍል ላይ ያለው ባዶ ስፍራ ይመርመር። ሪሴት አሮጌውን ሳያጠፋ ዐዲሱን ስለሚሠራ ሁለቱን ለጥቂት ጊዜ የሚያኖርበት ስፍራ ያስፈልገዋል። የማያስፈልጉ ፊልሞችና የተደጋገሙ ሥዕሎች ወደ ውጭ ዲስክ ይዛወሩ።

5ኛ፤ የጥገናው ፕሮግራም መኖሩ ይጠየቅ። ባለሙያው በአስተዳዳሪ ሥልጣን በተከፈተው ጥቁር የትእዛዝ መስኮት ላይ «ሪኤጀንትሲ» የሚለውን ትእዛዝ «ኢንፎ» ከሚለው ጋር ሲጽፍ፤ ማሽኑ «ኢኔብልድ» ወይም «ዲሴብልድ» ብሎ ይመልሳል። የመጀመሪያው በሥራ ላይ ነው፤ ሁለተኛው ተዘግቷል ማለት ነው። ከዚሁ ጋር የተቀመጠበትን ዲስክ ቍጥር ይናገራል። ቍጥሩ የአሮጌው ዲስክ ከሆነ ምክንያቱ ተገኘ ማለት ነው። በዚህ ጊዜ «ዲሴብል» ብሎ መዝጋት፤ ቀጥሎም «ኢኔብል» ብሎ መክፈት አድራሻውን ያስተካክለዋል። አሮጌው ዲስክ ተጥሎ የጥገናው ፋይል ጨርሶ የታጣ እንደ ሆነ፤ እትሙ ከማሽኑ ጋር አንድ ከሆነ የዊንዶውስ መጫኛ ፍላሽ ውስጥ ወጥቶ በስፍራው ሊተካ ይችላል።

6ኛ፤ የዊንዶውስ ፋይሎች ጤንነት ይመርመር። ለዚህ «ዲዝም» እና «ኤስ ኤፍ ሲ» የሚባሉ ሁለት ትእዛዞች አሉ። አስቀድሞ ዲዝም የመለዋወጫውን ጐተራ ያድሳል፤ ቀጥሎ ኤስ ኤፍ ሲ ከዚያ እያወጣ የተበላሸውን ይተካል። ተራው ቢገለበጥ ጥገናው ከተበላሸ ጐተራ የተበላሸ ዕቃ እንደ ማውጣት ይሆናል።

7ኛ፤ ማሽኑ «ዲስኩ ተቈልፏል» ካለ ወይም ረጅም ቍጥር ከጠየቀ፤ ዲስኩ ቢትሎከር በተባለው ምስጢር ተቈልፎ ሊሆን ይችላል። መክፈቻው 48 አሐዞች ያሉት ቍጥር ነው። ባለቤቱ ማሽኑን በማይክሮሶፍት መለያው ከፍቶት እንደ ሆነ ቍጥሩ ብዙውን ጊዜ በዚያው መለያ ውስጥ ይገኛል። ይህ ቍጥር ከጠፋ መዝገቡን የሚያወጣ ባለሙያ አይገኝም። ስለዚህ ማሽኑ ጤነኛ ሳለ ቍጥሩን አትሞ ከንግድ ፈቃዱ ጋር በካዝና ማስቀመጥ ይገባል።

8ኛ፤ ይህ ሁሉ ካልረዳ ሪሴትን ትቶ ዊንዶውስን ከፍላሽ እንደ ዐዲስ መጫን ነው። ቢያንስ 8 ጊጋ ባይት የሚይዝ ፍላሽ ይበቃል። መጫኛውን በሌላ ጤነኛ ማሽን ላይ ከማይክሮሶፍት ገጽ ማዘጋጀት ይቻላል። በዚህ ጊዜ ዊንዶውስ ከሚጫንበት ዲስክ በቀር ሌላ ዲስክ በማሽኑ ውስጥ አይኑር። እንዲህ ከተደረገ መነሻውም፤ የጥገናው ክፍልም፤ ዋናው ክፍልም በአንድ ዲስክ ላይ ይሰፍራሉ፤ ከላይ ከተዘረዘሩት አራት ችግሮች አንዱም አይደርስም። ዐዲስ ዲስክ ያስገባ ነጋዴ ከመጀመሪያውም ቢሆን ከሪሴት ይልቅ ይህን መንገድ ቢመርጥ ብዙ ድካም ይቀርለታል።

አደገኛው ጥያቄ

«ሁሉን አጥፋ» የሚለውን የመረጠ ሰው ፊት ማሽኑ አንድ ተጨማሪ ጥያቄ ያቀርባል። ይኸውም የሚጠፋው ዊንዶውስ ያለበት ዲስክ ብቻ ነውን፤ ወይስ ዲስኮች ሁሉ ናቸው የሚል ነው። በአንዳንዱ እትም ጥያቄው «ተጨማሪ ምርጫዎች» በሚለው ውስጥ ተሰውሮ ይገኛል።

አንድ ዲስክ ብቻ ባለው፤ በዲስኩም ላይ ሌላ የመረጃ ክፍል በሌለበት ማሽን ላይ ይህ ጥያቄ ትርጕም የለውም። ዐዲስ ዲስክ በገባበት ማሽን ላይ ግን የነጋዴው መዝገብ ዕጣ የሚወሰነው በዚህ ነው። ብዙ ሰዎች አሮጌውን ዲስክ የሚተዉት የቀደሙት ዓመታት ሒሳብ በውስጡ እንዲጠበቅ ነው። ሪሴት ሁለት ጊዜ ከከሸፈ በኋላ የተሰላቸ ሰው «ዲስኮች ሁሉ» የሚለውን ቢጫን፤ ለመዝገብ ማከማቻ ይሆናል ብሎ ያቈየው ዲስክ ከሌላው ጋር አብሮ ይጠረጋል። «ክሊን ዳታ» የሚለው ምርጫ ከተጨመረበት ደግሞ መረጃው ተመልሶ እንዳይወጣ ሆኖ ስለሚጠፋ፤ የጠፋ ፋይል ፈላጊ ባለሙያም ሊረዳው አይችልም። በሁለተኛው ተራ ማናቸውም ሌላ ዲስክ ይነቀል ያልንበት ትልቁ ምክንያት ይህ ነው፤ ያልተሰካ ዲስክ በስሕተት አይጠፋም።

ከባለሙያ ጋር ስለሚደረግ ውል

ማሽኑን ለጥገና የሚሰጥ ነጋዴ ጥቂት ነገሮችን አስቀድሞ ቢስማማ ክርክር አይኖርም። ባለሙያው ግልባጭ መያዙን ለባለቤቱ ያሳይ፤ ሪሴት ወይም ዐዲስ ጭነት ከማድረጉ በፊት ቃል ይጠይቅ፤ አሮጌው ዲስክ ለባለቤቱ ይመለስ። ዐዲስ የተገዛው ዲስክም መጠኑ ይመርመር፤ በዓለም ገበያ ላይ በውጭ የተጻፈባቸውን ያህል የማይዙ ሐሰተኛ ፍላሾችና ዲስኮች ስለሚገኙ፤ መዝገብ ሳይሰፍርበት ዳር እስከ ዳር ሞልቶ መፈተን ያስፈልጋል። ሐሰተኛው ዲስክ ልኩ እስኪሞላ ድረስ ጤነኛ መስሎ ይታያል፤ ከዚያ በኋላ የሚጻፍበት ግን ይጠፋል።

አሮጌው ዲስክ ቢያንስ የዓመቱ ሒሳብ ተመርምሮ እስኪዘጋ ድረስ እንዳለ ይቀመጥ። እርሱ ከግልባጩ ጋር ተጨማሪ ዋስትና ነው። ከዚያ በኋላ ወደ ምን አለሽ ተራም ሆነ ወደ ሌላ ስፍራ ከመሸጡ በፊት በውስጡ ያለው ሁሉ በሚገባ ይጠረግ። ባለቤቱ የረሳውን የደንበኞች ስም፤ የአቅራቢዎች ዋጋና የባንክ ሒሳብ ቍጥር ገዢው ሊያነበው ይችላልና።

ለማጠቃለል፤ ሪሴት የከሸፈበት ማሽን ፊት የተቀመጠ ነጋዴ ሦስት ጥያቄዎችን ለራሱ ያቅርብ። መዝገቤ በሌላ ስፍራ ተገልብጦ አለን? ዊንዶውስ ያለው በየትኛው ዲስክ ላይ ነው? ሌላው ዲስክ ተነቅሏልን? ለሦስቱም መልስ ያለው ሰው ያለ ሥጋት ወደ ሥራው ይግባ። ለአንደኛው እንኳ መልስ የሌለው ግን ማሽኑን ዘግቶ ባለሙያ ቢጠብቅ ይሻለዋል፤ የአንድ ቀን ሥራ መታጐል የዓመታትን ሒሳብ ከማጣት እጅግ ይቀላልና።